ጢሮስን ያስያዘው ግድቡ ነው ወይስ መርከቡ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ነው። አያቴ ስለ አምባ ሲያጫውቱን፣ እህልና ምንጭ ያለው አምባ በሩ ከተጠበቀ በጠላት ብዛት አይያዝም ይሉን ነበር። ታዲያ ጢሮስ በባሕር ተከባ፣ ስንቅ በመርከብ እየገባላት፣ እንዴት በታላቁ እስክንድር እጅ ወደቀች?

መልስ፦ የአያትዎ ቃል ለጢሮስም ይሠራል። የጢሮስ በሮች ሁለቱ ወደቦቿ ነበሩ፤ አንዱ በሰሜን ወደ ሲዶና፣ ሌላው በደቡብ ወደ ግብፅ የሚመለከት። እነርሱ ክፍት እስከሆኑ ድረስ በየብስ የሰፈረ ጦር ከተማዋን ማስራብ አይችልም። ናቡከደነፆር 13 ዓመት እንደከበባት የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፉስ መዝግቧል፤ በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 29 እንደምናነበውም ሠራዊቱ ራሱ እስኪመለጥ፣ ጫንቃው እስኪላጥ ደክሞ ደመወዝ አላገኘባትም።

እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332 ዓመት ሲመጣ መርከብ ስላልነበረው፣ በየብስ የነበረውን የአሮጌውን ጢሮስ ድንጋይና የሊባኖስን እንጨት እያስጋዘ 800 ሜትር ያህል ስፋት ባለው ባሕር ላይ ግድብ መሥራት ጀመረ። ደለል የተከማቸበት ይኸው ግድብ ዛሬም ከተማዋን ከየብስ ጋር አያይዟት ስለሚታይ፣ ብዙ ሰው ድሉን ለግድቡ ይሰጣል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ጢሮሳውያን አንዲት የፈረስ ማጓጓዣ መርከብ በጭራሮ፣ በዝፍትና በድኝ ሞልተው፣ ፊቷ ከውኃው ቀና ብሎ ግድቡ ላይ እንዲወጣ የኋላዋን አከበዱት፤ ነፋሱ ሲመቻቸው ጎትተው አስጠጓትና ለኮሷት፤ በግድቡ ጫፍ የቆሙት ሁለት የእንጨት ማማዎች ነደዱ።

ነገሩን የለወጠው፣ ከተሞቻቸው ለእስክንድር ማደራቸውን የሰሙ የፊንቄ መርከበኞች ከፋርስ ባሕር ኃይል ተለይተው 80 ያህል መርከብ ይዘው መምጣታቸው ነው፤ ከቆጵሮስም 120 ተጨመሩ። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ወደቦች ተዘጉ። ቅጥር መደብደቢያው ግንድ በመርከብ ላይ ተጭኖ ቀረበ፤ የከተማዋ ጠላቂ ዋናተኞች የመልሕቁን ገመድ ቢቆርጡ በሰንሰለት ተተካ። ከቅጥሩ ላይ የሚደፋው የጋለ አሸዋ በጥሩሩ ሥር እየገባ ወታደሩን ያቃጥለው ነበር፤ እንዲህም ሆኖ በ7ኛው ወር ቅጥሩ በደቡብ በኩል ተናደ። 8,000 ያህል ጢሮሳውያን ተገደሉ፤ 30,000 የሚሆኑት ለባርነት ተሸጡ።