አልፈታ ያለ ፊሌቶ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ፒያሳ ብስክሌት ጥገና ነው የምሠራው። ክረምት ሲወጣ ከፍሬሙ አልላቀቅ ያለ ነገር የያዘ ሰው ይበዛል። ዛሬ ስለዚህ ጠይቁኝ። ግን ጉልበት ከመጠቀማችሁ በፊት ፊሌቶው (የሚጠመዘዘው ጥርስ) ወደየት እንደሚፈታ እወቁ።

ከአራት ኪሎ፦ ጋሼ፣ የመሐል ፔርኖውን (ፔዳሎቹ የሚዞሩበትን ዘንግ) ኩሽኔታ የያዘው የቀኙ ኩባያ ሁለት ቀን አታገለኝ። ወደ ግራ ባዞረው ንቅንቅ አላለም።

መልስ፦ ሁለት ቀን ሙሉ እያጠበቅከው ይሆናል! አብዛኛው ብስክሌት ላይ የቀኙ ኩባያ ግራ ፊሌቶ ነው፤ ሰዓት ወደሚዞርበት ይፈታል። እንዲህ የተሠራው ኩሽኔታው ሲሽከረከር ኩባያውን ቀስ በቀስ እንዳያላላው ነው። የጣሊያን ፍሬም ግን በሁለቱም በኩል እንደ ማንኛውም ቡሎን ነው። ኩባያው ላይ የተቀረጸውን አንብብ። 1.37 × 24 ካለ የእንግሊዝ፣ 36 × 24 ካለ የጣሊያን ነው።

የእንግሊዝ ከሆነ የግራውን ኩባያና ፔርኖውን አውጣ። በቀኙ ቀዳዳ ልክ የሚገባ ወፍራም ቡሎን ከነዳዶው፣ ሁለት ሰፊ ሮንዴላ (ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት) ጨምረህ ሶማሌ ተራ ፈልግ። የቡሎኑ ራስ ውጭ፣ ዳዶው ውስጥ ይሁን። ዳዶውን ይዘህ ጥብቅ አድርገው፤ ሮንዴላዎቹ ኩባያውን ነክሰው ይይዙታል። ከዚያ ዳዶውን ልቀቅና ራሱን በረጅም ቁልፍ ማጥበቅህን ቀጥል። ቡሎኑ የሚጠብቅበት አቅጣጫ ኩባያው የሚፈታበት ነው። «ቋ» ይላል። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ከልደታ፦ ኮካ ብናፈስበትስ?

ከሜክሲኮ፦ ናፍጣ ይሻላል። እኔ በናፍጣ ነው የፈታሁት።

ከልደታ፦ ናፍጣ ዝገት አይበላም፤ ኮካ አሲድ አለው።

ከሜክሲኮ፦ ስኳሩስ? አጣብቆት ነው የሚቀር!

መልስ፦ በቃችሁ። የኮካ አሲድ ደካማ ነው። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ማታ ቀቡ፣ ጠዋት ድገሙ። የኮርቻውን ዘንግ አውጥታችሁ ከላይ ብታፈሱትም ታች ይደርሳል፤ የክረምቱ ውኃ የገባውም በዚያው ነው።

ከካዛንቺስ፦ ፔዳሌ አልፈታ አለ።

መልስ፦ የቱ? ቀኙ ወይስ ግራው? እንዲህ አይጠየቅም። የግራው ፔዳል ግራ ፊሌቶ ነው። ቁልፉን ወደ ላይ አቁመህ ወደ ኋላ ጎማ ግፋ፤ ሁለቱም እንዲያ ነው የሚፈቱት።

ከጊዮርጊስ፦ እሳት ይረዳል?

መልስ፦ ብረት ፍሬም ላይ አንዳንዴ። ቀለሙ ይቃጠላል። ዘይት ከቀባችሁ በኋላ እሳት አታቅርቡ። ካርቦን ላይ በጭራሽ!

ከቸርችል፦ የቀኙ ኩባያ ወደየት ነው የሚፈታው?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። እባካችሁ አንብቡ።

ከአራት ኪሎ፦ ጋሼ፣ በብሩሽ ጠርጌ አየሁት። 36 × 24 ይላል።

መልስ፦ እንግዲያው አንተ ልክ ነበርክ፤ ይቅርታ። ያልኩህ የቡሎን ዘዴ ለሱ አይሆንም፤ ወደ ግራ ስታዞረው ቡሎኑ ራሱ ይላላል። ዛሬና ነገ ዘይት አጠጣው። ከዚያ የኩባያውን ጠፍጣፋ ጎኖች ሞርሳ (የጠረጴዛ መቆንጠጫ) ላይ ጥርቅም አድርገህ እሰር፤ ፍሬሙ ከላይ ይጋደም። ሁለት ሆናችሁ ፍሬሙን በሁለት ጫፍ ይዛችሁ ከላይ ስታዩት ወደ ግራ አዙሩ። ሞርሳ ከሌለህ ወደኔ አምጣው።

ከአራት ኪሎ፦ ቅዳሜ እመጣለሁ ጋሼ።