«ምን እንደ ጅብራ ይገትርሃል?»

ጥያቄ፦ አጎቴ ቤት ሄጄ በሩ ላይ ስጠብቅ፣ «ምን እንደ ጅብራ ይገትርሃል? ግባ እንጂ!» አሉኝ። ጅብራ ምንድን ነው? ከጅብ ጋር ይዛመዳል? «ጅባራ» የሚሉም ሰምቻለሁ። ደግሞስ ሰድበውኛል ማለት ነው?

መልስ፦ ጅብራ ተክል ነው። ከጅብ ጋር ድምፁ ይቀራረብ እንጂ ትርጉሙ አይገናኝም። በሳይንሳዊ ስሙ ሎቤሊያ ሪንኮፔታለም ይባላል። ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይበቅልም። አገሩ ውርጭ ነው፤ እንደ ስሜንና ባሌ ባሉ ተራሮች፣ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ። በባህል መድኃኒትነትም ይነሣል፤ ግን የሎቤሊያ ወገን አልካሎይድ የሚባል ብርቱ፣ ሊመርዝ የሚችል ንጥረ ነገር ስላለው እባክዎ ራስዎ ላይ አይሞክሩት።

ንግግሩ የሚገባን ተክሉን ስናየው ነው። ዙሪያው አጭር ሣር ነው። ከመሃሉ ቅርንጫፍ የሌለው ግንድ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ አናቱ ላይ ረዣዥም ቅጠሎች ይዘረጋሉ። ለዓመታት እንዲሁ ይቆያል። ከዚያ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያወጣል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይሞታል። የሚያብበው አንዴ ብቻ ነው። የደረቀው ግንድ ግን አይወድቅም፤ እዚያው ድርቅ ብሎ ቆሞ ይቀራል። ጭጋግ ሲወርድ ከሩቅ ሰው ይመስላል። ይህን ንግግር የፈጠረው ሰው አስተውሎ ማየት ያውቅበታል!

«ተገተረ» የሚለውንም ልብ ይበሉ። ገመድ ሲወጠር «ተገተረ» እንላለን። ስለዚህ ዝም ብሎ መቆም አይደለም፤ ድርቅ ብሎ፣ ያለ ሥራ መቆም ነው። «ታክሲ ስጠብቅ ሁለት ሰዓት እንደ ጅብራ ተገተርኩ» ቢሉ ያምርልዎታል። «ወታደሩ እንደ ጅብራ ተገትሮ ድንበር ይጠብቃል» ብሎ ማወደስ ግን አይሆንም። ነቀፋ ነው። ለሙገሳ ዋርካ አለልን።

«ጅባራ» ማለትም ስሕተት አይደለም፤ ተክሉን እንዲያ የሚጠሩት አሉ። በዚህ ፈሊጥ ውስጥ ግን «ጅብራ» የተለመደ ስለሆነ እሱን እመርጣለሁ።

ስድቡን በተመለከተ፣ ታላቅ ለታናሽ ሲለው የፍቅር ቁጣ ነው። እርስዎ አጎትዎን «ምን እንደ ጅብራ ይገትርዎታል?» ቢሏቸው ግን ነውር ይሆናል። እሳቸው ያሉት «ቤትህ አይደል እንዴ፣ ምን ያስቆምሃል?» ነው።