«ሲስተም የለም» ሲባል የሌለው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጡረታዬን ለመቀበል ባንክ ሄጄ «ሲስተም የለም» ተብዬ ተመለስኩ። የልጅ ልጄ «ሲስተም» በአማርኛ «ሥርዓተ ክወና» ነው አለችኝ። ታዲያ «ሥርዓተ ክወና የለም» ሊሉኝ ይገባ ነበር? «ኔትወርክ የለም» ከሚሉትስ በምን ይለያል?

መልስ፦ የልጅ ልጅዎ እኩሌታውን አግኝታዋለች። ሥርዓተ ክወና ኮምፒውተሩ ሲከፈት ቀድሞ ተነሥቶ ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስተናግድ ዋና ፕሮግራም ነው፤ በኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ፣ በብዙዎቻችን የእጅ ስልክ ላይ አንድሮይድ። በድሮው ግብር ቤት ማን እንደሚገባና የት እንደሚቀመጥ የሚያውቀው አጋፋሪው ነበር። ሥርዓተ ክወናም እንዲሁ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ቦታና ተራ ይሰጣል። ቃሉ በግእዝ አገባብ የተሠራ ነው፤ «የክወና ሥርዓት» እንደ ማለት። «ክወና»ን ከግእዙ «ኮነ» ጋር ያዛምዱት፤ የእኛ «ሆነ» የእርሱ ወንድም ነው። «ሥርዓት»ን እኔ በንጉሡ «ሠ» እጽፈዋለሁ፤ በእሳቱ «ሰ» የጻፈውን ግን አልከስም።

በዚያ ቀን የጎደለው ግን ይህ አልነበረም። ገንዘብ ከፋይዋ ፊት ያለው ኮምፒውተር ተከፍቶ የሚሠራ ከነበረ አጋፋሪው በቦታው ነበር። የባንክ ሠራተኞች «ሲስተም» የሚሉት የደንበኞች ሒሳብ የሚመዘገብበትን ፕሮግራም ነው። መዝገቡ ደግሞ እርስዎ ከቆሙበት ቅርንጫፍ ርቆ፣ ሰርቨር በሚባል ማእከላዊ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። (ሰርቨርን «አገልጋይ» ብለው የተረጐሙ አሉ። «አገልጋዩ አልመለሰም» የሚል መልእክት ባነበብኩ ቁጥር ለመልእክት ተልኮ የቀረ ዲያቆን ይታየኛል።) ከቅርንጫፉ ወደ መዝገቡ የሚወስደው መንገድ ነው ኔትወርክ። መንገዱ ሲቆረጥ «ኔትወርክ የለም»፣ መዝገቡ ራሱ ሲቆም «ሲስተም የለም» ቢባል ልክ ነው። በመስኮቱ በኩል ግን ሁለቱ ይቀላቀላሉ፤ ለተሰላፊው ውጤታቸው አንድ ስለሆነ ይመስለኛል።

ቃል በቃል ተርጕመን «ሥርዓት የለም» እንበል ብንል ደግሞ ጠብ ይነሣል። በአማርኛ ሥርዓት የሌለው ሰው ማለት ባለጌ ነው፤ ያን ገንዘብ ከፋይዋ ብትልዎ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የጻፉት ለእኔ ሳይሆን ለሥራ አስኪያጁ ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ «የለም» የሚለው ነው። መብራትም ውሃም ኔትወርክም ዘመድ ጥየቃ ብቅ ጥልቅ እንደሚል እንግዳ «ሄደ»፣ «መጣ»፣ «የለም» ይባልላቸዋል። አነጋገሩ ያምራል፤ ነገር ግን ማን እንዳቋረጠው፣ ምን እንደተበላሸ አንዳች አይናገርም። «መስመሩ ተቋርጧል»፣ «መዝገቡ አልከፈት ብሏል» የሚሉት አማርኛዎች እያሉን፣ ሠራተኛው የሚያውቀውን ነገር በ«የለም» መሸፈኑ አይዋጥልኝም። ቅሬታዬ ከ«ሲስተም» ጋር አይደለም፤ እንደ «ባንክ» ሁሉ ገብቶ ተላምዷል።

ለኔትወርክ መጻሕፍት «አውታረ መረብ» ይላሉ። መረቡን ከዓሣ አጥማጁና ከመረብ ኳሱ ያውቁታል፤ አውታሩም ያው በበገና ላይ ዐሥር ሆኖ የሚወጠረው ጅማት ነው። የተወጠሩ ክሮች የተሳሰሩበት መረብ፦ ለጽሑፍ እወደዋለሁ፣ በሰልፍ ላይ ግን «ኔትወርክ» ቢሉ ማንም አይታዘብዎትም። «በይነመረብ» ግን ሌላ ነው፤ መረብን ከመረብ የሚያገናኘው ታላቁ መረብ፣ ኢንተርኔት ነው። የባንኩ ቅርንጫፍ ከመዝገቡ ጋር በራሱ የግል መስመር ሊገናኝ ስለሚችል፣ በስልክዎ ኢንተርኔት እየሠራ እዚያ ውስጥ «ኔትወርክ የለም» ቢሉዎት ዋሹ ማለት አይደለም።

ሌላ ጊዜ እንዲህ ሲያጋጥምዎ «መስመሩ ነው የተቋረጠው ወይስ መዝገቡ ነው ያልተከፈተው?» ብለው ይጠይቁ። የዚያ ቅርንጫፍ መስመር ብቻ ከሆነ ሌላ ቅርንጫፍ ሊያስተናግድዎ ይችላል። መዝገቡ ከሆነ ግን የታክሲ ገንዘብዎን አያባክኑ።