መልስ፦ ልጄ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል፣ ምን ላዘጋጅላት?

ከሁሉ በፊት ወረቀቶቿን። የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9–12 ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ዋናውም ኮፒውም፣ ከ3×4 ጉርድ ፎቶ ጋር። በእጅ ቦርሳዋ ትያዘው እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይግባ።

ከዚያ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የሎከር ቁልፍ። ጅማ ዝናብ አይጠፋምና ጃንጥላ አትርሺ። በሶና ዳቦ ቆሎውን በርከት አድርጊው፤ ዶርም ውስጥ ብቻውን የሚበላ የለም።

«ትልቁ ልጄ በጥር አግብቶ ወጣ፣ አሁን ደግሞ እሷ፣ ክፍሏን ላከራየው ወይ?» ላልሽው፣ እህቴ፣ ቢያንስ የመጀመሪያው ሴሚስተር እረፍት እስኪያልፍ ተይው። እኔ በወሩ አከራየሁት። ልጄ ለእረፍት መጥታ ሳሎን ፍራሽ ላይ ተኛች። ምንም አላለችኝም። ሻንጣዋን ግን እስክትመለስ ድረስ አልፈታችውም።