መነ ቢራ ቢራ ቤት አይደለም

እህቴ፣ «ቡራዩ ቤት እየሠራን ነው፣ ኦሮምኛ ጀምሬያለሁ፤ ላይ፣ ውስጥ፣ ስር የሚሉት ቃላት ከስሙ በፊት ነው የሚገቡት ወይስ በኋላ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚያው ሠርቼ አይቼዋለሁ፤ ሁለት ነገር ልንገርሽ።

1. አብዛኞቹ ከኋላ ናቸው። ሙከ ጀላ፣ ዛፍ ስር። መነ ኬሳ፣ ቤት ውስጥ። የእኛም እንደዚያው ነው፤ ግን እኛ ከፊት «በ» ወይም «ከ» እንሰካለን። «ከቤቱ…» ሲሉሽ ጆሮሽ አጠገብ ይሁን ጀርባ ብሎ ይጠብቃል። ኦሮምኛ ላይ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅሽ የለም። («ገራ»፣ ማለትም «ወደ»፣ ግን ከፊት ነው የምትመጣው።)

2. ቢራን ተጠንቀቂ! ቢራ ማለት አጠገብ ነው። የምሬን ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ሲኖ አሸዋ አዘዝኩ። ሾፌሩ ደወለና «መነ ቢራ ጂራ» አለኝ። ቤትህ አጠገብ ነኝ ማለቱ ነው። እኔ ሆዬ ቢራ ቤት ቁጭ ብሏል ብዬ አስፋልቱ ዳር ካለው ግሮሰሪ ሄጄ ተገተርኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ! ሰውዬው ሲሰለቸው አሸዋውን ከአጥሩ ውጭ መንገዱ ላይ ዘርግፎት ሄደ። ሌሊት ዝናቡ ወረደ። ጠዋት ግማሹ ቦይ ገብቷል።

ይባስ ብሎ መንገድ ዘጋህ ተብዬ ቢሮ ተጠራሁ። ግቢ ውስጥ አስገባዋለሁ የሚል ማመልከቻ በራሴ እጅ በኦሮምኛ ጻፍኩ፤ ኮርቼ! ግቢ ሞራ ነው፤ «ሞራ ኬሳ» ማለት ሲገባኝ «ኬሳ ሞራ» ብዬዋለሁ። ጸሐፊዋ ወረፋው ፊት ጮክ ብላ አነበበችው። ሳቀች። «አስጽፈህ ና» ብላ ወረወረችልኝ። ስህተቴን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ያስተማረኝ ዘበኛው ነው። ከበርጩማው ተነሳ። እጁን ከስሩ አስገብቶ «በርጩማ ጀላ» አለ። ላዩን መታ መታ አድርጎ «በርጩማ ኢራ»። ጎኑ ቆሞ «በርጩማ ቢራ»። በርጩማው ያው የእኛው በርጩማ ነው፤ ቦታውን የሚነግርሽ የኋለኛው ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ ማመልከቻዬን ማንም አልመለሰብኝም፤ እንዲያውም ጎረቤቶቼ እኔን ነው የሚያስጽፉት።

አሁን ሾፌር ሲደውል «መነ ዱባ» እለዋለሁ፤ ከቤቱ ጀርባ ወስዶ ያራግፋል። ዱባውንም አትክልት እንዳታደርጊው።