ከፕሮክሲ ጀርባ ፋይል ማውረድ፦ የድሬና የሐረር ልጆች ጥያቄዎች

ካምፓስ ወይም ቢሮ ውስጥ ኢንተርኔታችሁ በፕሮክሲ (በእናንተና በኢንተርኔቱ መካከል በቆመ ሰርቨር) የሚያልፍ ልጆች ስለ ተርሚናል ማውረጃዎች፣ ማለትም በጽሑፍ ትእዛዝ ፋይል ስለሚያወርዱት ከርል (curl)፣ ደብሊውጌት (wget) እና አሪያ2 (aria2)፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት መካከል እነዚህን መለስኩ።

ጥያቄ፦ ከርል ነው ደብሊውጌት የሚሻለው? አንዱን ምረጥልኝና ልገላገል።

መልስ፦ መጀመሪያ ፕሮክሲህ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቅ። ኤችቲቲፒ (HTTP፣ ለዌብ የተሠራው ዓይነት) ከሆነ ሁለቱም ይሠራሉ፤ እኔ ለትልቅ ፋይል ደብሊውጌትን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም መስመር ሲቆረጥ ሳታዘው ራሱ ደጋግሞ ይሞክራል። ከርል ካላዘዝከው ያቆማል። ሶክስ (SOCKS፣ ከዌብ ውጭ ያለውንም የሚያሳልፍ ዓይነት) ከሆነ ግን ደብሊውጌትም አሪያ2ም አይችሉትም፤ ከሦስቱ የሚያዋጣህ ከርል ብቻ ነው። አንድ ነገር ልብ በል፦ የፕሮክሲው አድራሻ መጀመሪያ ላይ «ሶክስ5» (socks5) ብለህ ብቻ ከጻፍክ የሳይቱን አድራሻ ፈልጎ የሚያገኘው ያንተው ኮምፒውተር ነው፣ ግቢው ውስጥ ዲኤንኤስ (የሳይት ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) ከተዘጋ ደግሞ አለቀልህ። ከ5 ቀጥሎ «ኤች» ጨምርበት (socks5h)፣ ፍለጋውን ለፕሮክሲው ይተውለታል።

ጥያቄ፦ ድሬ ሳቢያን ነኝ። ኡቡንቱ (የሊኑክስ ሲስተም) እያወረድኩ መብራት ጠፋ። ከዜሮ ልጀምር?

መልስ፦ ኧረ አቦ፣ በፍጹም! ግማሹ ፋይል ያለበት ፎልደር ግባና በደብሊውጌት ከሆነ ያንኑ ትእዛዝ ሰረዝና ትንሿን ሲ (-c) ጨምረህ ስጠው። በከርል ከሆነ ትልቋ ሲ ናት፣ ከኋላዋ ክፍት ቦታ ትተህ ሌላ ሰረዝ ብቻዋን ታስገባለህ (-C -)፤ ያቺን ሰረዝ ብዙ ሰው ይረሳታል። ሲያልቅ ቼክሰሙን (ፋይሉ ሳይበላሽ መድረሱን የምታረጋግጥበትን ኮድ) ሳታመሳክር ፍላሽ ላይ እንዳትጭን። አንዳንድ ፕሮክሲ የራሱን የስህተት ገጽ ፋይል አስመስሎ ይሰጥሃል።

ጥያቄ፦ 407 እያለኝ ነው፣ ፓስወርዴ ግን ትክክል ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ 407 ማለት ማንነትሽን የጠየቀሽ ፕሮክሲው ራሱ ነው፤ ሳይቱ ቢሆን 401 ይልሽ ነበር። ፓስወርድሽ ውስጥ @ አለች? ፕሮክሲውን በአድራሻ መልክ ስትጽፊው ያቺ ምልክት ፓስወርዱን ከሰርቨሩ ስም መለያ ስለሆነች ነገሩን ታበላሸዋለች፣ በሷ ፋንታ %40 ጻፊ። ፕሮክሲው ኤንቲኤልኤም (NTLM፣ የማይክሮሶፍት የማንነት ማረጋገጫ ዘዴ) የሚፈልግ ከሆነ ግን ደብሊውጌትን ተዪው፣ ከርል ይችለዋል። ደግሞ በጋራ ኮምፒውተር ላይ ፓስወርድሽን ትእዛዙ ውስጥ አትጻፊ፤ ሂስትሪ (የጻፍሻቸው ትእዛዞች መዝገብ) ውስጥ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ፕሮክሲውን ኤክስፖርት አድርጌያለሁ (ፕሮግራሞች እንዲያዩት ተርሚናሉ ላይ አስመዝግቤዋለሁ)፣ ከርል ግን አያየውም።

መልስ፦ ኤክስፖርት ስታደርግ የኤችቲቲፒ ፕሮክሲውን ስም በትልልቅ ፊደል (HTTP_PROXY) ጽፈኸው ይሆናል። ከርል እሱን ሆን ብሎ ያልፈዋል፤ ዌብ ሰርቨር ላይ ሌላ ሰው ከውጭ ሆኖ ያንን ስም ሊሞላው ስለሚችል ነው። በትንንሾቹ (http_proxy) ጻፈው። በሱዶ (sudo፣ በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያሠራ ትእዛዝ) ስትሠራም ሱዶ ብዙውን ጊዜ ኤክስፖርት ያደረግከውን ሁሉ ጥሎት ነው የሚሄደው፣ ሰረዝና ትልቋን ኢ (-E) ጨምርለት።

ጥያቄ፦ ሐረር ነኝ፣ አሪያ2 ላይ ለአንድ ፋይል 16 መስመር ባንዴ ብከፍት ይፈጥናል?

መልስ፦ ሊፈጥንልህ ይችላል። ግን ፕሮክሲው የሁላችሁም ነው፤ አንተ 16 ስትይዝ አጠገብህ ያለው ልጅ የምዝገባ ገጹ አልከፍት ይለዋል። 2 ወይም 3 ይበቃሃል፣ ትልቁን ፋይል ደግሞ ሰው ሲቀንስ ማታ ልቀቀው።