«ክሽክሽ አጥንተሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

ሰላም እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነሽ። እንደ ክሽክሽ (አፊድ) ያሉ ነፍሳትንና በውስጣቸው የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን የሚያጠና የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪ መሆን ትፈልጊያለሽ። አተር እያመረቱ ያሳደጉሽ እናትሽ ግን «ክሽክሽ አጥንተሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ብለውሻል። እንጀራ ይሆናል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ይሆናል። ግን መንገዱ ረጅም ነው።

መጀመሪያ ሥራውን እንየው። ክሽክሽ የወረረው አተር ስትነኪ ቅጠሉ እጅሽ ላይ ይጣበቃል አይደል? የሚያጣብቀው ክሽክሽ የምታስወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። ቀኑን ሙሉ የተክሉን ጭማቂ ትመጥጣለች። ጭማቂው ስኳር ሞልቶታል፤ ሰውነት የሚገነቡት አሚኖ አሲዶች ግን አይበቁም። የጎደለውን የሚሠራላት ቡክኔራ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ሰውነቷ ውስጥ ለእሱ ብቻ የተዘጋጁ ሴሎች አሉ። እናት ለልጆቿ ታወርሰዋለች፣ ልጆቹም ከነባክቴሪያው ይወለዳሉ። ይህ ውርስ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዘልቋል።

በ2000 የጃፓን ተመራማሪዎች የቡክኔራን ሙሉ ዘረመል አነበቡ። 640 ሺህ ገደማ የዲኤንኤ ፊደል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዘመዱ ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ 4.6 ሚሊዮን ገደማ አለው። የቀረው የት ሄደ? የትኛው ጠፋ፣ የትኛው ተረፈ፣ ለምን? የሙያው ልብ ይኼ ጥያቄ ነው። እኔ በበኩሌ ከዚህ የሚያምር ጥያቄ ብዙም አላውቅም።

በዚህ ዘርፍ ስሟ ቀድሞ የሚነሳው ናንሲ ሞራን ናት። ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ሥዕል ልትማር ነበር። ወደ ባዮሎጂ ዞረች፣ በ1982 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ያዘች፣ ከዚያ ዕድሜዋን ለክሽክሽና ለንብ ሰጠች። ስለዚህ ዘግይቻለሁ ብለሽ አትጨነቂ።

ለእናትሽ ደግሞ ስለ ገንዲ ንገሪያቸው። ከብቱን በገንዲ የምታስይዘው የቆላ ዝንብ የምትኖረው በደም ብቻ ነው። ደም ውስጥ የማታገኛቸውን ቢ ቫይታሚኖች የሚሠራላት ባክቴሪያ አለ፤ እሱን ካጣች መውለድ ያቅታታል። ኢንዶኔዥያ ዮግያካርታ ውስጥ ደግሞ ወልባኪያ የተባለ ባክቴሪያ ያላቸው ትንኞች ተለቀቁ። በ2021 በታተመው ውጤት መሠረት ትንኞች የሚያስተላልፉት የደንጊ በሽታ በ77 በመቶ ቀነሰ። እናትሽ የክሽክሽን ጉዳት ካንቺ በላይ ያውቁታል፤ ይኼ ወሬ አይከብዳቸውም።

አሁን ስለ መንገዱ። አሜሪካ ከሄድሽ ፒኤችዲው አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል። ብዙዎቹ የባዮሎጂ ፕሮግራሞች የትምህርት ክፍያውን ሸፍነው ለኑሮ የሚሆን ገንዘብ ይሰጡሻል፤ በመጀመሪያ ዲግሪም መግባት ይቻላል። አውሮፓ ግን ብዙ ጊዜ ማስተርስ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ፖስትዶክ የሚባል ጊዜያዊ የምርምር ሥራ አለ፣ እሱም ዓመታት ነው። ቋሚ ሥራ ስትይዢ ሠላሳዎቹን ማጋመስሽ አይቀርም። ቤተሰብ የምትረጂ ከሆነ ይህን ዛሬውኑ አስቢበት። እዚህ አገር «የነፍሳት ዝግመተ ለውጥ ተመራማሪ» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። ሥራው ያለው በዩኒቨርሲቲ መምህርነት፣ በግብርናና በጤና ምርምር ተቋማት ውስጥ ነው። ቅርባችን ናይሮቢ ደግሞ ኢሲፔ አለ፤ በነፍሳት ሳይንስ አፍሪካውያን የዶክትሬት ተማሪዎችን የሚያሠለጥን ተቋም ነው። ብትጠይቂኝ መጀመሪያ የማንኳኳው እሱን ነው።

እስከዚያው ቤተ ሙከራ የለኝም ብለሽ እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ። የቡክኔራና የኢ. ኮላይ ዘረመል ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ሁለቱንም አውርጂና አወዳድሪ። ፓይተን ወይም አር የተባሉትን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋዎች የምትማሪው በዚሁ ሥራ ላይ ይሁን፤ ደረቅ ኮርስ ቶሎ ይሰለቻል። የመመረቂያ ጥናትሽንም አተር ማሳ ላይ ብታደርጊው ናሙናው ደጃፍሽ ነው።

ለፕሮፌሰር ስትጽፊ «ማንኛውም ስኮላርሺፕ ካለ» አትበይ። እንደዚያ ያለ ኢሜይል በየቀኑ ይደርሳቸዋል፣ ሳያነቡት ያልፉታል። የጻፉትን አንድ ጥናት አንብቢ፣ ያልገባሽን አንድ ነገር ጠይቂ፣ የሠራሽውን ንጽጽር አያይዢ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ረቂቁን መጀመሪያ ለኔ ላኪው፣ አብረን እናየዋለን።